የአዲሱ መኪናዎ መስታወት ለምን አይጠራም?

እንኳን ደስ ያለዎ! አዲስ መኪና ገዝተዋል። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ኢንሹራንሱ ተቀይሯል፣ ፎቶው አገር ቤት ላሉት ተልኮ «ይባረክ» ተብሎ ተመርቋል። ታዲያ ወር ሳይሞላው፣ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራት የፊት መስታወቱ ላይ ተበትኖ ዓይንዎን ያጭበረብርዎታል። መንገዱ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። በማግስቱ በወረቀት ፎጣና በዚያ በሰማያዊው የቤት መስታወት ማጽጃ ይፈትጉታል፤ ቀን ሲያዩት ጠርቷል። ማታ ግን ያው ነው። እንዲያውም አሁን የፈተጉበት መንገድ ራሱ ክብ ክብ እየሠራ ይታያል።

«አዲስ መኪና ደግሞ ምን እድፍ ይኖረዋል?» ይሉ ይሆናል። ይኖረዋል እንጂ! ይህኛው እድፍማ ከአሮጌ መኪና ይልቅ በአዲስ ላይ ይብሳል። ለመድኃኒቱም ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ከፋርማሲ አንድ ጠርሙስ፣ ከሱፐርማርኬት አንድ ጋሎን ውሃ፣ ጥቂት ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር እድፉ ከየትኛው ወገን እንዳለና ከምን እንደተሠራ ማወቁ ነው። ይህን ሳያውቁ መፈተግ ቅቤ የነካ እጅን በቀዝቃዛ ውሃ እንደመታጠብ ነው፤ ቅቤው ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አይለቅም።

ደግሞ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስታወት ላይ ያለ ስስ የቅባት ሽፋን ብርሃንን ይበትናል። ብርሃን ሲበተን ከኋላው ያለው ጨለማ ነገር ይደበዝዛል። ጥቁር ካፖርት ለብሶ በዝናብ ማታ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው፣ ባለ ብስክሌቱ፣ ከአውቶቡስ የወረደው ተማሪ፣ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ሲያትል ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚበዛውን ሰዓታቸውን የሚነዱት ማታ ነው። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ የታኅሣሥን ፀሐይ ያውቋታል፤ ቀኑን ሙሉ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ ትገባለች። በእንዲህ ዓይነት ብርሃን የቆሸሸ መስታወት ነጭ መጋረጃ ነው የሚሆነው።

ሽታው ነው መስታወቱ ላይ የተቀመጠው

ያ ሁላችንም የምንወደው «የአዲስ መኪና ሽታ» ከምን እንደሚመጣ አስበው ያውቃሉ? ዳሽቦርዱ፣ የበሩ ፕላስቲክ፣ የወንበሩ ስፖንጅ፣ ምንጣፉን የያዘው ማጣበቂያ፣ እነዚህ ሁሉ አዲስ በሆኑ ጊዜ ኬሚካል ይተናል ከነሱ። በተለይ ፕላስቲክ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ተብሎ በፋብሪካ የሚጨመርበት ማለስለሻ አለ። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ይህ ማለስለሻ ቀስ እያለ ይተናል፤ ማታ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሄዶ እዚያ ላይ ያርፋል። ወጥ ሲንተከተክ የድስቱ ክዳን ላይ እንደሚያርፈው ላብ ማለት ነው። ልዩነቱ የድስቱ ላብ ውሃ ስለሆነ ይደርቃል፤ ይህኛው ግን ቅባት ነገር ስለሆነ አይደርቅም፣ በላዩ ላይ ሌላ እየተደረበ ይሄዳል።

አምራቾቹ ይህን በደንብ ያውቁታል። «ፎጊንግ» የሚል ስም ሰጥተውት መለኪያ አበጅተውለታል፤ በአሜሪካ ኤስኤኢ ጄ1756፣ በጀርመን ዲአይኤን 75201 የሚባሉ የፍተሻ ደረጃዎች አሉ። በአንዱ የፍተሻ ዓይነት የዳሽቦርዱን ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ ከትተው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ3 ሰዓት ያሞቁታል፣ አፉ ላይ የቀዘቀዘ መስታወት ይገጥሙበታል፣ ከዚያ መስታወቱ ምን ያህል እንደደበዘዘ ይለካሉ። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ ነገር ሰምቼም አላውቅ» ቢልዎ አይደነቁ፣ ግን አይመኑትም።

ሙቀት ነገሩን እንደሚያፋጥነው ከዚህ ይገባዎታል። በአሪዞና ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት በበጋ ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ መኪና ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። (ጥናቱ የተሠራው ለመስታወት ተብሎ ሳይሆን መኪና ውስጥ ለሚረሱ ሕፃናት ነው፤ ቁጥሩን ከዚያም አንጻር ያስታውሱት።) ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት የሚነዱ ከሆነ ሽፋኑ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቢመጣብዎ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ እኛ የምንጨምርበት አለ። አንደኛው ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ ነው። መኪና ማጠቢያ ቤት «ላብረቅርቅልዎ?» ሲሉ እሺ እንላለን፤ ያ የሚያብረቀርቀው በአብዛኛው ሲሊኮን ነው፤ ከፊሉ ሲረጭ በቀጥታ፣ ከፊሉም በሌላው ቀን መስታወቱ ላይ ያርፋል። ሲሊኮን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለመልቀቅ የሚያስቸግረው ነው። ሁለተኛው ጭስ ነው። ሲጋራ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚስበው ቬፕ ግሊሰሪን አለው፣ እሱም መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው የእጃችን መዳፍ ነው። ላብ የያዘውን መስታወት በእጅ ጠረግ! ቅባቱ ቀረ።

ከየትኛው ወገን ነው?

መፈተግ ከመጀመርዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ጥላ ቦታ ቁመው፣ በውስጥ በኩል መስታወቱ ጥግ ላይ በንጹሕ ጣትዎ መስመር ይሳሉ። ከዚያ በስልክዎ መብራት አግድም ያብሩበት። ጣትዎ ያለፈበት መንገድ ከታየ እድፉ ውስጥ ነው። ውጭውን ደግሞ በሳሙና ያጥቡና ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው እንደ አንሶላ ወጥ ሆኖ ከወረደ ውጭው ንጹሕ ነው፤ እዚህም እዚያም እየተንጠባጠበ እንክብል ከሠራ ላዩ ላይ ሰም ወይም ቅባት አለ ማለት ነው። ይህች የውሃ ፈተና አዲስ ግኝት አይደለችም፤ የጄኔራል ሞተርስ የ1990ዎቹ የባለቤት መመሪያ መጻሕፍት ላይም ነበረች። ብቻ መስታወቱ ዝናብ የሚያንሸራትት ቅብ ተደርጎለት ከሆነ ውሃው እንክብል የሚሠራው በቅቡ ምክንያት ስለሆነ ፈተናዋ አትሠራም።

በሁለቱም በኩል ምንም ሳይኖር መስታወቱ ከጥጉ ጀምሮ ወተት መሳይ ነገር ከያዘስ? የፊት መስታወት አንድ መስታወት አይደለም። በ1903 ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤድዋር ቤኔዲክተስ የወደቀ ጠርሙስ ተሰንጥቆ ሳይበተን መቅረቱን አይቶ የፈጠረው ዓይነት ነው፤ ሁለት መስታወት፣ መሐሉ ላይ የተጣበቀ ስስ ፕላስቲክ። ያ ፕላስቲክ ከመስታወቱ ከተላቀቀ የሚታየው ነጭ ነገር በምንም ዓይነት ማጽጃ አይለቅም። ፎቶ አንሥተው ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ገዙበት ይውሰዱት። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከውስጥ ያለው ቅባት ነው።

ፋርማሲው ላይ ይጠንቀቁ

የሚያስፈልግዎ ኢሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ አሜሪካ «ራቢንግ አልኮል» የሚሉት፣ ባለ 70 በመቶው። የሚተነውን ቅባት ያሟሟል፣ ራሱ ደግሞ ምንም ሳይተው ይተናል። ታዲያ ጠርሙሱን አንብበው ይግዙ። አረንጓዴ ቀለምና የማስቲካ ሽታ ያለው ዓይነት አለ፤ ዘይት ስላለው እሱን ይተዉት። የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ ግሊሰሪን ተጨምሮበታል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ፋርማሲ ገብታችሁ አልኮል ስትሉ የሚሰጧችሁ «ሰርጂካል ስፒሪት» የጉሎ ዘይት ያለበት ነው። ለቆዳ ጥሩ ነው። መስታወት ላይ ግን ሽፋን ልታስለቅቁ ሄዳችሁ ሽፋን ቀብታችሁ ትመለሳላችሁ። «ኢሶፕሮፒል» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ጀርመን «ኢሶፕሮፓኖል» ይባላል።

ሁለተኛው ዲስቲልድ ውሃ ነው፣ ለብረት ካውያ የሚገዛው ዓይነት። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ኖራውን ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው አራት ያህል ማይክሮፋይበር ፎጣ፣ ፀጉሩ አጭር የሆነው። እነዚህ ፎጣዎች ከልብስ ጋር ከታጠቡ፣ ማለስለሻ ከተጨመረባቸው ወይም ማድረቂያ ውስጥ ያቺ መዓዛ ያላት ስስ ጨርቅ አብራቸው ከገባች ዋጋ የላቸውም፤ ማለስለሻው ራሱ ቅባት ነው። ብዙ ሰው «ምን ባደርግ አልጠራ አለኝ» የሚለው ማጽጃው ሳይሆን ፎጣው ነው የሚያቆሽሽበት።

ጋዜጣስ? አገር ቤት መስታወት በጋዜጣ ነበር የሚወለወለው፣ የቤቱ መስኮትም ያበራ ነበር። ለመኪና ግን አልመክርም፤ ቀለሙ ጣሪያው ጨርቅና ዳሽቦርዱ ላይ ይቀራል፣ በጠመዝማዛው መስታወት ጥግም አይገባም።

እንግዲህ ሥራው

ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ መስታወቱ ቀዝቅዞ፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ ከሆነ አልኮሉ ሳያጸዳ ይተናል። በሮቹን ይክፈቱ፣ የአልኮሉ ሽታ ያዞራል፤ እሳትም ስለሚወድ ሲጋራ አጠገቡ አይምጣ። ልጆቹ ቤት ይቆዩ። ዳሽቦርዱ ላይ ትልቅ ፎጣ ያንጥፉ፤ ጠብታው ስክሪኑ ላይ ወይም ቆዳው ላይ እንዳያርፍ። መሪው ካስቸገረዎ ከተሳፋሪው ወንበር ይጀምሩ፣ እዚያ ሰፊ ነው።

መስታወቱ እጅግ የተለጠፈበት ከሆነ መጀመሪያ በሳሙና ይሂዱበት። ግማሽ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከዚያ አይብለጥ። ፎጣውን ነክረው አጥብቀው ይጭመቁትና መላውን መስታወት ያብሱ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ፎጣ ሳሙናውን ያንሡ። ይህ ጥቅሉን ያነሣዋል። የቀረውን ስስ ሽፋን አልኮሉ ይወስደዋል።

አልኮሉን መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ ፎጣው ላይ ይርጩ። ከመስታወቱ ላይ ተንጠባጥቦ ወደ አየር መውጫው ቀዳዳና ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ይገባልና። መስታወቱን በሐሳብዎ አራት ቦታ ይክፈሉት፣ አንዱን ክፍል በረጠበው ፎጣ ያብሱ፣ አልኮሉ ሳይተን ወዲያው በደረቁ ፎጣ ይጥረጉ። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ «ወዲያው» የሚለው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያው ፎጣ ቅባቱን ያሟሟዋል፣ ሁለተኛው ያነሣዋል። በአንድ ፎጣ ብቻ ከሠሩ፣ አልኮሉ ይተንና የሟሟው ቅባት እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል፤ ያ ክብ ክብ የሚሠራው መስመር ማለት ይኸው ነው። ፎጣዎቹን ለእያንዳንዱ ክፍል ወደ ንጹሕ ገጽ ያገላብጡ። ሁለት ጊዜ አጋምሰው ካጠፉት አንድ ፎጣ ስምንት ያህል ገጽ ይኖረዋል።

ከታች በኩል፣ መስታወቱ ከዳሽቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ እጅ አይገባም። መዳፍዎን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ፎጣውን በጣቶችዎ ጀርባ ላይ ይዘው ይሞክሩ፤ ይገባል። ካልሆነ መያዣ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን መጥረጊያ የመኪና ዕቃ ቤት በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ዳር ዳሩን ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች እድፍ አይደሉም፣ መስታወቱ ላይ የተጋገረ ቀለም ናቸው፤ አይፈትጓቸው።

አንዲት ትንሽ ብልሃት እዚህ ጋ፦ ከውስጥ በኩል ሲጠርጉ አግድም፣ ከውጭ በኩል ሲጠርጉ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። በኋላ መስመር ቀርቶ ቢያዩ አቅጣጫው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግርዎታል።

ከመሐል መስታወቱ ጀርባ፣ ከማያ መስታወቱ በላይ ያለችውን ጥቁር ሳጥን አይንኳት። ካሜራ ናት። መስመር ሲስቱ የምትጮኸው፣ በራሷ ፍሬን የምትይዘው እሷ ናት። ከውጭ በኩል ፊት ለፊቷ ያለው መስታወት ንጹሕ ይሁን፤ ከውስጥ ሽፋኗን ፈትቶ መግባት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። አንዳንድ ሰው «አልጠራ አለኝ» ብሎ መስታወቱን ወደ ማስቀየር ይሄዳል። ካሜራ ያለው መኪና መስታወቱ ሲቀየር ካሜራዋ እንደገና መስተካከል አለባት፣ ያም ለብቻው ይከፈልበታል። በአንድ ጠርሙስ አልኮል የሚያልቅ ነገር ነው።

የጎንና የኋላ መስታወትም ያው ሽፋን አለባቸው፤ በዚሁ መንገድ ያጽዱ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። የኋላ መስታወት ላይ ያሉት ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ላይ ምላጭ አይንካ፣ ሲጠርጉም በመስመሮቹ አቅጣጫ ይሁን። መስታወቱ ጥቁር ቲንት ካስለጠፉ ደግሞ አሞኒያ ያለበት የቤት ማጽጃ ፊልሙን ያበላሸዋል፤ አልኮሉንም ቢሆን አዲስ ቲንት ላይ ከመሞከርዎ በፊት የለጠፈልዎትን ይጠይቁ።

ውጭው ላይ ያለው

ከውጭ የሚለጠፈው ሌላ ነው። መኪናው ከፋብሪካ እስኪደርስ የተሸፈነበት ፕላስቲክ የተወው ሙጫ፣ መኪና ማጠቢያ ማሽን የሚረጨው ሰም፣ የዛፍ ሙጫ፣ ከአፓርታማው ሣር ማጠጫ የሚደርቅ ኖራ። ለኖራው ነጭ አቼቶ ይበቃል፤ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው ጨርቅ ይንከሩበት፣ ነጠብጣቡ ላይ አምስት ደቂቃ ይተዉት፣ ያብሱ፣ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። እባክዎ አቼቶን ከበረኪና ጋር በምንም ዓይነት አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪናና አሞኒያም እንዲሁ።

ለሰሙና ለቅባቱ የጭቃ ማገዶ የሚመስል «ክሌይ ባር» የሚባል ነገር አለ፤ በሳሙና ውሃ አርጥበው በቀስታ ሲያንሸራትቱት የተለጠፈውን ይዞ ይወጣል። በርካሹ ደግሞ ቦን አሚ የሚባለው ጫጩት ያለበት ዱቄት አለ። ከ1886 ጀምሮ ገበያ ላይ ነው፤ ያ ከላይ የጠቀስኩት የመኪና መመሪያ መጽሐፍም በስም ያዘዘው ለዚሁ ለውጭው መስታወት ነበር። በውሃ ለውሰው በእርጥብ ጨርቅ በቀስታ ይሹት፣ ቀለሙና ጥቁሩ ጎማ ላይ እንዳይደርስ። ዝናብ የሚያንሸራትት ቅብ ካለበት ግን አይሞክሩት፣ ይገፈዋል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ? ኧረ በጭራሽ!

የስቲከር ሙጫ የብዙዎቻችን ራስ ምታት ነው። የዋጋው ወረቀት፣ የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን፣ የኢዚ ፓስ ማጣበቂያ፣ የአፓርታማው ፓርኪንግ ፈቃድ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ ያንሡት። የቀረውን ሙጫ በጥቂት የምግብ ዘይት አርሰው አሥር ደቂቃ ይተዉት፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ዘይቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በመጨረሻም በአልኮል ማንሣት አይዘንጉ፤ አለበለዚያ ሙጫውን በዘይት ለወጡት ማለት ነው። ምላጭ የሚጠቀሙ ከሆነ አዲስ ይሁን፣ መስታወቱ የረጠበ ይሁን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይግፉት።

የዝናብ መጥረጊያውን ካላጸዱ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። መስታወቱ ላይ የነበረው ሰም ጎማው ላይም አለ፣ በመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይቀባዋል። አልኮል በነካ ጨርቅ ጥቁሩ እስኪቀንስ ድረስ ጎማውን ይጥረጉ። ክንዱን ሲያነሡት ተስፈንጥሮ መስታወቱን እንዳይመታ ይያዙት፤ በዚህ የተሰነጠቀ መስታወት ብዙ ነው።

ገልፍ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። አቧራ በደረቁ አይጠረግም፤ አሸዋ ነው፣ መስታወቱን ይፍቃል። ማለዳ ፓርኪንግ ላይ በአንድ ባልዲ ሃያ መኪና የሚያጥበው ልጅ ጨርቁ ውስጥ የሃያውን መኪና አሸዋ ይዟል። ለልጁ ክፈሉት፣ እንጀራው ነው፤ ለመስታወቱ ግን የራሳችሁን ጨርቅና ጠርሙስ ስጡት።

ማታ ሲሞክሩት

ከጨረሱ በኋላ ማታ ይንዱና የመንገድ መብራቶቹን ይመልከቱ። ጭጋጉ ከጠፋ በጎ። መስታወቱ በሁለቱም በኩል ጠርቶ፣ የዓይን መነጽርዎም ተጠርጎ፣ አሁንም በየመብራቱ ዙሪያ ቀለበት ካዩ ግን የሰው መኪና ውስጥ ተሳፍረውም ይመልከቱ። እዚያም ቀለበቱ ካለ ነገሩ መኪናው አይደለም፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ራሱ ብርሃን ይበትናል፤ የዓይን ሞራም የሚጀምረው በማታ መብራት መጨነቅ ሊሆን ይችላል። «ማታ መንዳት ጠላሁ» የሚሉ አባትና እናት ካሉዎት አዲስ መኪና ከመግዛት በፊት ይህንን ይጠይቋቸው።

አንድ ጊዜ አጽድተው ሽፋኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ አይናደዱ፤ ፕላስቲኩ ገና እየተነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሦስትና አራት ሳምንቱ መድገም ይኖርብዎታል፣ እየቆየ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ጥላ ካገኙ ጥላ ውስጥ ያቁሙ፣ ካላገኙ የመስታወት ፀሐይ መከላከያ ይዘርጉ። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው ጥቂት ይንዱ፣ ኤሲውንም አየር ከውጭ እንዲያስገባ ያድርጉት። ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ «ላብረቅርቅልዎ?» ሲሉዎ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይበሉ። መኪና ሲገዙ «የመስታወት ጥበቃ» ብለው በብዙ መቶ ዶላር የሚጨምሩልዎትንም እንዲሁ። ያ ቅብ የሚደረገው ከውጭ በኩል ነው፤ የሚያስቸግርዎ ሽፋን ደግሞ ከውስጥ።

በብርዱ ወራት አንድ ጥቅም ያገኙበታል፤ ቅባት የሌለው መስታወት ከውስጥ በኩል ቶሎ ላብ አይይዝም፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሲጣደፉ የሚያጠፉት ደቂቃ ይቀንሳል። የመጥረጊያ ውሃውን ከመቀዝቀዙ በፊት በማይረጋው ዓይነት ይቀይሩት። ያ ሰማያዊ ውሃ ሜታኖል ሊኖረው ይችላል፤ ሜታኖል ደግሞ ጥቂቱም ቢጠጣ ዓይን ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። ቀለሙ ጭማቂ ይመስላልና ከፍ ካለ ቦታ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ በራሱ ጋሎን ይቀመጥ እንጂ በለስላሳ ጠርሙስ አይገልበጥ።